መጨረሻው መጀመሪያውን የሚጠራ ዜማ፦ ለጀማሪዎች ጌም የዙር ሙዚቃ አዘገጃጀት

ዘፈን መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው አቀናባሪው ነው፤ የቪዲዮ ጌም የጀርባ ሙዚቃ መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው ግን ተጫዋቹ ነው። አንዱ ተጫዋች አንድን ሌቭል በ20 ሰከንድ ያልፈዋል፣ ሌላው እዚያው ላይ ግማሽ ሰዓት ሲታገል ይቆያል፣ ሙዚቃውም ሁለቱን ሳይቋረጥና ሳያሰለች ማገልገል ይጠበቅበታል። ለዚህ ሲባል የሚደረሰው አጭር ሙዚቃ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሳይቆም ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው፣ በጌም ሠሪዎች ዘንድ «ሉፕ» ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ደግሞ «የዙር ሙዚቃ» ተብሏል።

በግላቸው ወይም ከጓደኞቻቸው ጋር ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ሙዚቃውን ለመጨረሻው ሳምንት ያቆዩትና የሚወዱትን አንድ ዜማ ቆርጠው፣ «ሉፕ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው ይገላገላሉ። ውጤቱ በየግማሽ ደቂቃው «ቀጭ» የሚል ድምፅ፣ ወይም ቅጽበታዊ ዝምታ፣ ወይም ሞቶ ሞቶ የሚነሣ ዜማ ነው። ችግሩ ከመሣሪያ ማነስ አይመነጭም፤ የሚመነጨው የዙር ሙዚቃ እንደ ዘፈን ከመጀመሪያው ተነሥቶ ወደ መጨረሻው ስለሚሠራ ነው። የዙር ሙዚቃ መነሻው ስፌቱ ነው፤ ማለትም መጨረሻውና መጀመሪያው የሚገናኙበት ነጥብ አስቀድሞ ይወሰንና ሌላው ሁሉ በዚያ ዙሪያ ይገነባል።

ለማሳያነት በመመሪያው ሁሉ የሚጠቀሰው በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ በእነዋሪ ዙሪያ ያለውን ጥቁር አፈር መቼቱ ያደረገ የታሰበ ጌም ነው። የአካባቢው ገበሬ ውሃ የሚቋጥረውን ይህን መሬት በእጁ ሰፊ መደብና ቦይ እያወጣለት የክረምቱን ውሃ የሚያንጣፍፍበት የቆየ ዘዴ ስላለው፣ ተጫዋቹም በጌሙ ውስጥ ዝናቡ ሳይበረታ ቦዮቹን እየከፈተ ስንዴውን ከመስጠም ያድናል ተብሎ ይታሰብ። መጀመሪያ ላይ ማሳው ጸጥ ያለ ነው፤ ኋላ ላይ ዝናቡ ሲያይል ጥድፊያው ይጨምራል። ሙዚቃው ሁለቱንም ሁኔታ መሸከም አለበት።

ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። ተራ ላፕቶፕ፣ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ፣ ለቅንብር ኤልኤምኤምኤስ፣ ለቀረጻና ለቆረጣ ደግሞ ኦዳሲቲ የተባሉት ሶፍትዌሮች ይበቃሉ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ መስመር በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ማዳመጫው ባለ ሽቦ ይሁን የተባለው ብሉቱዝ ድምፁን በጥቂቱ ስለሚያዘገየውና የምትን ትክክለኛነት በዚያ መፍረድ ስለማይቻል ነው። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ሥራ እንዳይኖር ፋይሉ በየደረጃው በአዲስ ስም ይቀመጥ።

1ኛ ደረጃ፦ ሙዚቃው የሚሰማበትን ቦታ መለካት

አንድም ድምፅ ሳይደረስ ጌሙ በዝምታ ይሞከር፤ ጀማሪ ተጫዋች በአንድ ሌቭል ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይም በስልክ ሰዓት ይያዝ። የቆይታው ጊዜ የዙሩን ርዝመት ይወስናል፦ ተጫዋቹ ሦስት ደቂቃ በሚቆይበት ሌቭል ላይ 10 ሰከንድ የሚዞር ሙዚቃ 18 ጊዜ ይደጋገማል፣ 40 ሰከንድ የሚዞረው ግን አምስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። ለመግቢያው ገጽ፣ ማለትም ተጫዋቹ «ጀምር» የሚለውን እስኪነካ ድረስ ለሚታየው፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚታየው የተጫዋቹ ዓይንና እጅ ምን ያህል ሥራ እንደሚበዛበት ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ እንዳወጣው «ኩኩሉ» ባለ የሩጫ ጌም ውስጥ እጅ ዕረፍት ስለሌለው ፈጣንና ያልተወሳሰበ ምት ይስማማል፤ እንደ ገበጣ ባለ የስሌት ጨዋታ ግን ተጫዋቹ ጠጠሮቹን በልቡ እየቆጠረ ስለሆነ ጎልቶ የሚወጣ ዜማ ቆጠራውን ያደናቅፍበታል። በመጨረሻም በጌሙ ውስጥ ያሉት ሌሎች ድምፆች በዝርዝር ይጻፉ። የእነዋሪው ጌም የዝናብ ድምፅ ይኖረዋል፤ የዝናብ ሹክሹክታ ደግሞ ከፍተኛውን የድምፅ ክልል ስለሚሞላ ጸናጽል በዚያ ላይ ቢጨመር ተውጦ ይቀራል።

2ኛ ደረጃ፦ ፍጥነትንና ርዝመትን በሒሳብ መወሰን

የሙዚቃ ፍጥነት የሚለካው በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሚመቱት ምቶች ቁጥር ሲሆን፣ «ባር» የሚባለው ደግሞ ምቶቹ በእኩል የሚቧደኑበት መስፈሪያ ነው። የዙሩ ርዝመት በሰከንድ የሚገኘው የምቶቹ ብዛት በ60 ተባዝቶ ለፍጥነቱ ሲካፈል ነው። ፍጥነቱ 96፣ ምቶቹ 64 ቢሆኑ ዙሩ ልክ 40 ሰከንድ ይሆናል። ኮምፒውተር ድምፅን የሚይዘው «ናሙና» በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ልኬቶች ሆኖ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 44,100 ናሙና ስለሚወስድ፣ ይህ ዙር 1,764,000 ናሙና ይይዛል፤ ቁጥሩም ሙሉ ነው። ፍጥነቱ 97 ቢደረግ ግን ርዝመቱ 39.5876 እያለ የሚቀጥል አሥርዮሽ ይሆናል። የናሙና ሽራፊ ብቻውን በጆሮ አይለይም፤ ይሁንና አቀናባሪው መቁረጫውን በግምት እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል፣ ግምቱም በየፋይሉ ስለሚለያይ አብረው የተነሡ ድምፆች ጥቂት ዙር ከሄዱ በኋላ መራራቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ እንደ 90፣ 96፣ 100 ወይም 120 ያለ ቁጥር ይመረጥ፤ በ64 ምት ሲሰላም ሙሉ የናሙና ቁጥር መስጠቱ ይረጋገጥ።

ለአገርኛ ስሜት የሚመረጠው ችክችካ እያንዳንዱ ምት በሦስት የሚከፈልበት የስድስት ስምንተኛ አካሄድ ሲሆን፣ በአንድ ባር ውስጥ ሁለት ትልልቅ ምቶች ብቻ አሉት፤ 64ቱ ምቶች 32 ባር ይሆናሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ወጥመድ አለ። ኤልኤምኤምኤስ ፍጥነትን የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው፤ የችክችካ አንድ ትልቅ ምት ግን አንድ ሩብ ተኩል ነው። በመሆኑም በጆሮ 96 ሆኖ እንዲሰማ በሶፍትዌሩ ላይ 144 ይጻፋል። 96 ተብሎ ከተጻፈ ዘፋኝ የሚያስጨፍረው ምት ለቅሶ ቤት የገባ ይመስላል።

3ኛ ደረጃ፦ ቅኝትን መምረጥና ስፌቱን አስቀድሞ መጻፍ

ቅኝት ማለት ዜማው የሚንቀሳቀስባቸው አምስት ድምፆች አደረጃጀት ነው። መነሻው ዶ ሲሆን፣ ትዝታ በሜጀር መልኩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ ባቲ በሜጀር መልኩ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ አምባሰል ዶ፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ላ ይይዛል፤ አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው የትዝታ ሜጀር ነው፤ ምክንያቱም በድምፆቹ መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሌለ ሁለት መሣሪያዎች ሳይታሰብ ቢደራረቡ እንኳ አይጎረብጡም። በባቲ ውስጥ ግን ሚ እና ፋ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ መሣሪያ ሚን ይዞ ሳለ ሌላው ፋ ላይ ቢቆም የሚሰማው ሻካራ ድምፅ የቅንብር ስሕተት ይመስላል። አንቺሆዬ ራሱ የማያረጋጋ ጠባይ ስላለው ለጭንቅ ሰዓት ይሆናል፤ ነገር ግን ከትዝታ ሜጀር ጋር የሚጋራው ዶን እና ላን ብቻ ስለሆነ በትዝታ ማሳ ላይ የአንቺሆዬ ዝናብ መደረብ አይቻልም። ሁለቱን የሚፈልግ ሰው ሁለት የተለያዩ ዙሮችን አዘጋጅቶ በመሸጋገሪያ ያገናኛቸው።

የዚህ መመሪያ ዋና ነገር የሚከተለው ነው። ማንኛውም ቅኝት ዜማው የሚያርፍበት ቤት አለው፤ እርሱም መነሻው ድምፅ፣ ዶ ነው። ዘፈን ሲያልቅ ወደዚያ ይመለስና ጆሮ «በቃ» ይላል። የዙር ሙዚቃ በዶ ላይ ካረፈ ጆሮ በየ40 ሰከንዱ «በቃ» ይላል፤ ሙዚቃው ግን አይበቃም፣ አድማጩን የሚያሰለቸውም ከድግግሞሹ ይልቅ ይህ የሐሰት ስንብት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ባር በሬ፣ በሶል ወይም በላ ላይ እንደ ጥያቄ ተንጠልጥሎ ይቁም፤ መልሱ የሆነው ዶም የሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ምት ላይ ይምጣ። እንዲህ ሲሆን መጨረሻው መጀመሪያውን ይጠራል፤ አድማጩም ዙሩ የዞረበትን ቦታ እንደ ዕረፍት እንጂ እንደ ቁርጥ አይሰማውም። መሰንቆ የሚጫወት አዝማሪ ቀጣዩ ግጥም እስኪመጣለት ድረስ አንዱን የመሰንቆ ሐረግ እያመላለሰ ታዳሚውን ይዞ የሚቆየው በተመሳሳይ ዘዴ ነው።

በተግባር የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። አቀናባሪው መጀመሪያ 31ኛውንና 32ኛውን ባር ይጽፋል፤ ከዚያ 1ኛውንና 2ኛውን ይጽፋል፤ እነዚህን አራት ባሮች ብቻ 31፣ 32፣ 1፣ 2 በሚል ተራ ደጋግሞ ያዳምጣል፤ ስፌቱ ሳይታወቅ እስኪያልፍ ድረስም ወደ መካከሉ አይገባም። የተለመደው ስሕተት 32 ባር ያማረ ዜማ ጨርሶ ስፌቱን በመጨረሻው ቀን መፈለግ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ባር ለማረም ሌሎቹ ሁሉ ይፈርሳሉ። በትምህርት ቤት ወይም በኪቦርድ ኮርድን፣ ማለትም አብረው የሚነኩ የድምፆች ስብስብን፣ የተማረ ሰው ደግሞ ዙሩን በሶል ኮርድና በዶ ኮርድ የመዝጋት ልማዱን ለዚህ ሥራ ይተወው፤ ያ አካሄድ ከሁሉ ይበልጥ ስንብት የሚመስለው ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ሥራውን በንብርብር ማከፋፈል

ለንብርብር አሠራር ከእምቢልታ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። ሦስት እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ አንዱ በተወበት ሌላው እየገባ፣ ማንም ብቻውን ያልተጫወተውን ዜማ በጋራ ያወጣሉ። የጀማሪ አቀናባሪ ትልቁ ጥፋት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዋሽንቱም ክራሩም ከበሮውም ከመጀመሪያው ባር እስከ መጨረሻው ሳይተነፍሱ ይጫወታሉ።

ለእነዋሪው ጌም ሦስት ንብርብሮች ይበቃሉ። የታችኛው ከበሮ ነው፤ ትልቁ አፍ ዝቅተኛውን፣ ትንሹ አፍ ከፍተኛውን ድምፅ ይሰጣል። መካከለኛው አራት ባር የሚዞር የክራር ሐረግ ነው። የላይኛው ዋሽንት ሲሆን ከ32ቱ ባሮች ቢያንስ 12ቱን ዝም ይበል፤ የሚረሳ እንጂ ተጫዋቹ ገበያ ድረስ እያፏጨ የሚሄድበት ዜማ እዚህ አይፈለግም። በሌላ ሙዚቃ ምስጋና የሚያስገኘው ነገር በዙር ሙዚቃ ላይ ከ10 ደቂቃ በኋላ ያስረግማል። የየንብርብሩ ሐረግ ርዝመት 32ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል፣ ማለትም 2፣ 4፣ 8 ወይም 16 ባር ይሁን፤ ባለ ሦስት ባር ሐረግ በዙሩ መጨረሻ ላይ ተሰብሮ ይቀራል።

ዝናቡ ሲያይል የሚገባው አራተኛ ንብርብር፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ የመሰንቆ ጉዞ፣ በዚያው ቅኝትና በዚያው ርዝመት ተደርሶ ለብቻው ፋይል ይሁን። በጌሙ ውስጥ አራቱም ፋይሎች በአንድ ቅጽበት ይነሡና አራተኛው ድምፁ ተዘግቶ ይጠብቃል፤ ውሃው ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍም ድምፁ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይከፈታል። ጥድፊያው ሲመጣ አራተኛውን ፋይል ከመጀመሪያው ማስነሣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ስላልተነሣ ምቱ ይጣረሳል።

5ኛ ደረጃ፦ እውነተኛ መሣሪያ መቅረጽ

በኮምፒውተር የተሠራ የክራር ድምፅ ብዙ ጊዜ ጊታር ይመስላል፤ በመንደሩ ክራር ወይም ዋሽንት የሚጫወት ሰው ካለ ለስምንት ባር ያህል እንኳ መቅረጽ የጌሙን መልክ ይለውጠዋል። በሰፊው የሚሠራበት የኤልኤምኤምኤስ ስሪት ድምፅ ስለማይቀርጽ ቀረጻው በኦዳሲቲ ወይም በስልክ ይካሄድና ፋይሉ ይገባል። ስልኩ በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ይደረግ፤ ከመሣሪያው ሁለት ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ተጫዋቹም የፍጥነቱን ምት በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይጫወት። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቤት በክረምት ከሰዓት በኋላ መቅረጽ ከንቱ ድካም ነው። ሌሊቱ ይሻላል፤ ውሾቹንና የድምፅ ማጉያውን ማን ያዛል ካልተባለ በቀር። ባዶ ግድግዳ የሚመልሰውን ማስተጋባት ለመቀነስ ጋቢና ብርድ ልብስ በተጫዋቹ ፊትና ጀርባ ይሰቀል።

ከቀረጻው በፊት የሚታለፍ የማይመስለው ግን ሁልጊዜ የሚታለፈው ነገር መቃኘት ነው። ክራር በጆሮ የሚቃኝ መሣሪያ በመሆኑ ከኪቦርዱ ጋር አይገጥም ይሆናል። ክራሩን ወደ ኪቦርዱ ማምጣት ቀላል ነው፤ ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንድ ጊዜ ስለተበሳ አይቃኝም፤ ስለዚህ ዋሽንት ካለ ሌላው ሁሉ ወደ ዋሽንቱ ይቃኛል።

6ኛ ደረጃ፦ ስፌቱን መስፋት

የተነካ አውታር ወዲያው ዝም አይልም፤ ቃናው እየሳሳ ይሄዳል። ፋይሉ 40ኛው ሰከንድ ላይ ሲቆረጥ ይህ የሚሳሳ ጭራ አብሮ ይቆረጣል፣ የዙሩ መጀመሪያም ከዝምታ ይነሣል፤ ስፌቱን የሚያሳብቀው ይህ ነው። መፍትሔው ዙሩን ሁለት ጊዜ አከታትሎ ወደ አንድ የ80 ሰከንድ ፋይል ማውጣትና ከዚያ ውስጥ ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ፣ ከ40ኛው እስከ 80ኛው ሰከንድ ያለውን፣ ቆርጦ መውሰድ ነው። የመጀመሪያው ዙር ጭራ በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ስለተደረበ የተቆረጠው ክፍል ከራሱ ጋር ይገጥማል። ኤልኤምኤምኤስ ፋይል ሲያወጣ መጨረሻው ላይ አንድ ባዶ ባር ስለሚጨምር፣ በማውጫው መስኮት ላይ ያለው እንደ ሉፕ አውጣ የሚለው ምርጫ መከፈቱ አይረሳ።

«ቀጭ» የሚለው ድምፅ መንሥኤ ሌላ ነው። የድምፅ ሞገድ ከዜሮ መስመር በላይና በታች ይወዛወዛል፤ መቁረጫው ሞገዱ ከፍ ባለበት ላይ ካረፈና የፋይሉ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ከጀመረ፣ ድምፅ ማጉያው ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ናሙና ውስጥ ለመዝለል ይገደዳል። በኦዳሲቲ የተመረጠውን ክፍል ጫፎች ወደ ቅርቡ የዜሮ መሻገሪያ የሚወስድ ትእዛዝ አለ፤ «ዜድ» የምትባለውን ቁልፍ መጫን ይበቃል። ማሳሰቢያው ትእዛዙ ጫፉን በጥቂት ናሙናዎች ስለሚያንቀሳቅስ፣ አብረው በሚነሡት የአራተኛው ደረጃ ፋይሎች ላይ በተናጠል አይሠራበት፤ ለእነርሱ በጫፎቹ ላይ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ የሚሆን ድምፅ የማክሰም ሥራ ይበልጣል።

7ኛ ደረጃ፦ የፋይሉን ዓይነት መምረጥና ማስገባት

ኤምፒ3 ለዙር ሙዚቃ አይሆንም። ይህ ዓይነት ፋይል ድምፁን 1,152 ናሙና በሚይዙ ቋሚ ክፍሎች ስለሚያሽግ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ባዶ ናሙናዎች ይጨመሩበታል፤ በጥንቃቄ የተሰፋው ስፌት በእነርሱ ይተረተራል። ዋቭ ምንም አይጨምርም፣ ግን ባለ ሁለት ቻናሉ 40 ሰከንድ ወደ 7 ሜጋ ባይት ይመዝናል። ኦግ ቮርቢስ በ128 ኪሎ ቢት ያንኑ ወደ 640 ኪሎ ባይት ያወርደዋል፤ ርዝመቱንም ይጠብቃል። ጌሙን በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ የካርድ ገንዘብ ነው። ጎዶት በተባለው ነጻ የጌም መሥሪያ ውስጥ ፋይሉ ከገባ በኋላ በማስገቢያው ገጽ ላይ የሉፕ ምርጫ ይከፈታል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ መግቢያ ካለውም ዙሩ የሚመለስበት ሰከንድ እዚያው ይጻፋል።

8ኛ ደረጃ፦ መብትን ማጣራት

የታወቀ ዘፈን ዜማ ወስዶ በሌላ መሣሪያ መጫወት አዲስ ድርሰት አያደርገውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ቅኝት ግን የማንም ንብረት ስላልሆነ በትዝታ ወይም በአንቺሆዬ የራስን ዜማ ለመድረስ ፈቃድ አይጠየቅም። የተቀረጸው የክራር ተጫዋች ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ ስሙም በጌሙ ላይ ይውጣ።

9ኛ ደረጃ፦ በሰው ጆሮና በርካሽ ስልክ መፈተን

በጆሮ ማዳመጫ የሚያስገመግም ከበሮ በስልክ ድምፅ ማጉያ ላይ ይጠፋል፤ ትንሿ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማታወጣ ነው። ስለዚህ ከትልቁ አፍ ምት ጋር የጣት ንካታ የሚመስል ደረቅ ድምፅ ይደረብ፤ ጆሮ ያንን ሰምቶ የጎደለውን ይሞላል። ከዚያ ሙዚቃው ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይከፈት፤ አቀናባሪው ግን ተቀምጦ አያዳምጠው፣ ሌላ ሥራ እየሠራ ይተወው። ማናደድ የሚጀምረው ድምፅ ያለበት ባር ይመዘገብ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው በየዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ጎላ ያለ ጌጥ ነው፣ እርሱም ይቀነስ።

የመጨረሻው ፈታኝ ሙዚቃውን ከዚህ በፊት ያልሰማ ሰው ነው። ጌሙን እንዲጫወት ብቻ ይነገረው፤ ስለ ሙዚቃው አንድም ቃል አይነሣ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ዙሩ የሚጀምርበትን ቦታ ሲሰማ እጁን እንዲያነሣ ይጠየቅ። በትክክለኛው ቅጽበት ሁለት ጊዜ ካነሣ፣ ፋይሉ ወደ 3ኛው ደረጃ ይመለሳል።